ወረቀቱ የት የት ይሠራል?

ከዘመዶችዎ አንዱ «ልጄን የነገረ መለኮት ኮሌጅ ላስገባው ነው» ቢልዎ ምን ይመልሳሉ? አብዛኞቻችን «እግዚአብሔር ያስጨርሰው» ብለን እናልፋለን። ምርቃቱ መልካም ነው፤ ግን አንድ ጥያቄ ይከተለው፦ ሲመረቅ የሚይዘው ወረቀት የት የት ይሠራል?

እኛ ጎንደሮች ለነገሩ እንግዳ አይደለንም። ከደባርቅና ከዳባት ደጋ የተነሣ የቆሎ ተማሪ አቋቋም የሚያስመሰክረው እዚሁ ከተማችን፣ በአታ ለማርያም ነው። ድጓ ከሆነ ጋይንት ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋስዕት ከሆነ ዙር አምባ ይሄዳል። መምህሩ ፊት ይፈተናል፤ ካላወቀ አያልፍም። ጥራት መቆጣጠር ማለት ይኸው ነው። ያ ሊቅ ግን የሥራ ማመልከቻ ቅጽ ላይ «የትምህርት ደረጃ» ከሚለው ፊት ሲደርስ የሚሞላው ያጣል።

ዕውቀትና የመንግሥት ዕውቅና ይለያያሉና። ቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ኮሌጅን ይመልከቱ። በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም ከአካሎቹ አንዱ ነበር። ደርግ ዘጋው፤ በኋላ በቤተ ክርስቲያኒቱ ሥር ዳግም ተከፈተ። የወረቀት ክብደት ከዘመኑ ጋር ይለዋወጣል።

የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝና ስለ ባነር ልንገርዎ። «ዓለም አቀፍ ዕውቅና ያለው» የሚል ጽሑፍ ሲያዩ «ማን ነው ያወቀው?» ይበሉ። የየትኛውም ቤተ እምነት ኮሌጅ ይሁን፣ ከመክፈልዎ በፊት እነዚህን ያጣሩ፦

• ፕሮግራሙ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ አለው? ፈቃድ የሚሰጠው በየፕሮግራሙና በየካምፓሱ ነው፤ የዋናው ግቢ ፈቃድ ቅርንጫፉን አይሸፍንም። «ሂደት ላይ ነን» የሚል መልስ «የለንም» ማለት ነው።
• የቀድሞ ተመራቂዎች የት ይሠራሉ? ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር የተቀበላቸው ዩኒቨርሲቲ አለ?
• ልጁ መደበኛውን 12ኛ ክፍል ጨርሷል? ይህ በር እንዳይዘጋበት።

ልጁ የሚገባው ለአገልግሎት ከሆነ ቤተ እምነቱ የሚሰጠው ምስክርነት ይበቃዋል፤ ማንም አይናቀው። ነገ ባንክ ወይም መንግሥት መሥሪያ ቤት ልቀጠር የሚል ሐሳብ ካለው ግን እውነቱን ከመመዝገቡ በፊት ይወቀው። ገንዘብ ይተካል፤ የወጣትነት አራት ዓመት አይተካም።