ቀለበቱ አይጨስም

ጥቂት ዓመታት አልፈውታል። አንድ ሰሊጥ ላኪ ወዳጄ ከውጭ አገር ገዥው ጋር ውል ለመፈራረም ሲዘጋጅ «ሰውዬው ሲጋር ይወዳልና ደህና ስጦታ ፈልግልኝ» አለኝ። እኔም አውቃለሁ ባይ ነበርኩና አንድ ደላላ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። ደላላው ኮሂባ የተባለውን የኩባ ሲጋር 25 ፍሬ የያዘ፣ ክዳኑ መስታወት የሆነ የሚያብለጨልጭ ሳጥን አወጣ። ቢጫ፣ ጥቁርና ነጩ የወረቀት ቀለበት በየሲጋሩ ላይ ተደርድሮ ሲታይ በእርግጥም ዓይን ይስባል። ወዳጄ ብዙም ሳይከራከር ከፈለ።

ማታ በእራት ላይ እንግዳው ሳጥኑን ተቀበለ፤ በመስታወቱ አሻግሮ ተመለከተ፤ ፈገግ አለ፤ አመስግኖም ወንበሩ ሥር አኖረው። አንዲት ፍሬ እንኳ አላወጣም። ምክንያቱን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። እውነተኛ የኩባ ኮሂባ በመስታወት ክዳን ታሽጎ አይሸጥም። ሰውዬው ሳጥኑን ሳይከፍት ሐሰተኛ መሆኑን አውቋል ማለት ነው። ውሉ አልፈረሰም። ነገር ግን በማግሥቱ ጠዋት እንግዳው የሰሊጡ ናሙና እንደገና እንዲመረመርለት ጠየቀ። ወዳጄ እስከ ዛሬ ድረስ ይህን ነገር ሲያነሳብኝ ይኖራል፤ እኔም መልስ የለኝም።

የሚገርመው የአገራችን ነጋዴ በቡና እንዲህ አይሞኝም። ቡና ቀማሹ ሲኒዎቹን ሲደረድር የአቅራቢው ስም አይነገረውም፤ ናሙናው ቁጥር ብቻ ይዞ ይቀርብለታል። ከአንድ ናሙና አምስት ሲኒ ይቀዳል። አራቱ ጥሩ ሆነው አንዱ ሻጋታ ከሸተተ ነጥቡ ይወርዳል። ቀማሹ በማንኪያ ይስባል፣ ይተፋል፣ ይጽፋል፤ የዋጋ ወሬ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ታዲያ ይህን ሁሉ ጥንቃቄ የለመደ ሰው ለአንድ ሳጥን ሲጋር በመቶ የሚቆጠር ዶላር ሲያወጣ የሚያየው ቀለበቱን ብቻ የሚሆነው ለምንድን ነው?

ሲጋርና ሲጋራ የስም ጎረቤት ቢሆኑም ሥራቸው ለየቅል ነው። በእጅ የሚጠቀለለው ጥሩ ሲጋር ከትንባሆ ቅጠል በስተቀር ወረቀትም ሆነ ማጣሪያ የለበትም። በውስጡ ሙሌት ቅጠል፣ በላዩ ማሰሪያ ቅጠል፣ ከሁሉ ውጭ ደግሞ እንደ ሐር የለሰለሰ መሸፈኛ ቅጠል አለ። በኩባ ምዕራባዊ ክፍል፣ በፒናር ዴል ሪዮ ክፍለ ሀገር፣ ቩዌልታ አባሆ የሚባለው አካባቢ ለዚህ ቅጠል የታወቀ ነው፤ መሸፈኛው እንዳይጠነክርና እንዳይወፍር ተክሉ በጨርቅ ጥላ ሥር ያድጋል። ለሙሌቱ ከተክሉ ታች የሚለቀመው ቮላዶ እሳቱን ያስኬዳል፤ የመካከሉ ሴኮ መዓዛውን ይሰጣል፤ ጸሐይ የጠገበው የላይኛው ሊጌሮ ደግሞ ጉልበቱ ነው። ሊጌሮ ቶሎ ስለማይነድ ጠቅላዩ መሐል ላይ ያደርገዋል። ቅጠሉ ረጠብ ተደርጎ ሲከመር እንደ ጥንስስ በራሱ ጊዜ ይግላል፤ በዚያ ሙቀት አሞኒያው ይወጣል፣ ምሬቱ ይበርዳል። ይህ ጊዜ ይፈልጋል፤ የሲጋር ገበያ መከራ ሁሉ የሚመነጨውም ጊዜን ለማሳጠር ከሚደረግ ጥድፊያ ነው።

ፋብሪካው ራሱ ቀለበቱን አያምንም። የተጠቀለሉት ሲጋሮች 50፣ 50 እየሆኑ ይታሰሩና ይመዘናሉ። እስሩ ከብዶ ከተገኘ ጠቅላዩ ቅጠል አብዝቷል፤ ጭሱ አይሳብም። ከቀለለ ደግሞ ቶሎ ነድዶ አፍ ያቃጥላል። ከዚህ ሌላ ቀማሾች አሉ፤ እያንዳንዱ ጠቅላይ ከሠራው ናሙና ወስደው አሳሳቡን፣ አነዳደዱን፣ ጉልበቱን፣ መዓዛውንና ጣዕሙን ለየብቻ ነጥብ ይሰጣሉ። የእኛ ሰው በቡና የሚያደርገውን እነሱ በትንባሆ ያደርጉታል። ቀለበቱ የሚጠልቀው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ሐባኖስ የተባለው የኩባን ሲጋር ለዓለም የሚሸጠው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2022 የኮሂባንና የትሪኒዳድን ዋጋ በየአገሩ ከሆንግ ኮንግ ገበያ ጋር እንዲስተካከል አደረገ። በብዙ አገሮች ዋጋው በአንድ ጊዜ እጥፍና ከዚያም በላይ ሆነ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ኢያን የተባለው አውሎ ነፋስ ፒናር ዴል ሪዮን መትቶ ብዙ የቅጠል ማድረቂያ ጎጆዎችን ጣለ፤ እጥረቱ ባሰ። የኩባንያው ሽያጭ ግን በ2023 721 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2024 ደግሞ 827 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ሻጩን አልወቅስም፤ ገዥ እስካለ ድረስ ዋጋ መጨመር መብቱ ነው። እኔ የምለው፣ ዋጋው በአንድ ሌሊት እጥፍ ሲሆን ቅጠሉ በእጥፍ አልጣፈጠም። ልዩነቱን የከፈልነው ለቀለበቱ ነው።

የቀለበቱ ነገር ደግሞ ከዚህም ይወሳሰባል። የኩባ ፋብሪካዎች በ1960 ከተወረሱና አሜሪካም በ1962 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ማዕቀቡን ከጣለች በኋላ (ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ማዕቀቡን ከመፈረማቸው በፊት 1,200 የኩባ ሲጋር አስገዝተው እንደነበር ቃል አቀባያቸው ፒየር ሳሊንጀር ኋላ ተናግረዋል፤ መረጃ ቀድሞ የደረሰው ነጋዴ ማለት እሳቸው ናቸው) ብዙ ባለሙያዎች ዘርና ሙያቸውን ይዘው ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ ወደ ሆንዱራስና ወደ ኒካራጓ ሄዱ። ስለዚህም ዛሬ ኮሂባ ሁለት ነው፤ ሞንቴክሪስቶ ሁለት ነው፤ ፓርታጋስም ሁለት ነው። አንዱ ከኩባ፣ ሌላው ለአሜሪካ ገበያ ከዶሚኒካን። ስማቸው አንድ፣ ቅጠላቸው ሌላ። በስም የሚገዛ ሰው የትኛውን እንደገዛ ሳያውቅ ሊቀር ይችላል።

በስም መግዛት ምን እንደሚያመጣ የ1990ዎቹ የአሜሪካ ገበያ አሳይቷል። በ1992 ወደ አገሪቱ የሚገባው በእጅ የተጠቀለለ ሲጋር ከ100 ሚሊዮን ፍሬ ብዙም አይበልጥም ነበር። በዚያው ዓመት ስለ ሲጋር ብቻ የሚጽፍ አንድ ባለ ቀለም መጽሔት ተጀመረ፤ የፊልም ተዋናዮች ሲጋር ይዘው ፎቶ ተነሱ፤ ነገሩ ፋሽን ሆነ። በ1997 ቁጥሩ ከ400 ሚሊዮን አለፈ። ትናንት ስለ ትንባሆ ምንም የማያውቅ ሁሉ ቀለበት አሳትሞ አምራች ነኝ አለ። ቅጠሉ ሳይበስል ተጠቀለለ፤ ሲያጨሱት አሞኒያ ይሸታል፣ ግማሹም አይሳብም። ገዥው ለጊዜው ቀለበቱን አይቶ ገዛ። ከዚያ አፉ ነገረው። በ1998 መጋዘኖች ሞልተው፣ ብዙ ዕቃ ከወጣበት በታች ተሸጦ፣ መጨረሻ ላይ የገቡት ነጋዴዎች ዕዳቸውን ታቅፈው ቀሩ። አስቀድሞ ሦስት ፍሬ ቆርጦ ያየ ነጋዴ ግን ይህ ቅጠል እንዳልበሰለ ለማወቅ የ1998ን ዋጋ መጠበቅ አያስፈልገውም ነበር።

ከዚያ የስጦታ ውርደት ወዲህ እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ከአንድ ሳጥን ሦስት ፍሬ፣ ከተቻለ ከሌላ ምርትም ሦስት እወስዳለሁ። ሌላ ሰው ቀለበታቸውን አውልቆ ቁጥር የተጻፈበት ነጭ ወረቀት ያስርባቸዋል። እኔ ስሙንም ዋጋውንም አላውቅም። መጀመሪያ በሁለት ጣት ከእግሩ እስከ ራሱ እየተጫንኩ እሄዳለሁ። አንድ ቦታ ላይ ድንጋይ ሆኖ ሌላ ቦታ ላይ ጥጥ ከሆነ አጠቃለሉ ጉድለት አለበት። መሸፈኛው በጣት ሲነካ ጥቂት ወዝ ሊኖረው ይገባል፤ ከተንኮሻኮሸ ደርቋል። ከዚያ ጫፉን ቆርጬ ሳልለኩስ እስባለሁ። አየሩ ያለ ትግል፣ ግን ባዶ ቧንቧ ሳይሆን መምጣት አለበት። ከሦስቱ አንዱ እዚህ ላይ ከታፈነ ለሳጥኑ ነጥብ እቀንሳለሁ፤ ገዥው ሳጥኑን በሙሉ ነውና የሚከፍለው።

ሲለኮስ እሳቱን ከእግሩ ሥር በቅርብ ይዞ ዙሪያውን እኩል ማሞቅ ነው፤ ችኮላ አያስፈልግም። ከዚያ በደቂቃ አንድ ጊዜ ገደማ መሳብ፣ ጭሱን በአፍ ውስጥ አዙሮ መልቀቅ እንጂ ወደ ሳንባ ማስገባት የለም። ደጋግሞ የሚስብ ሰው ሲጋሩን ራሱ ያመረዋልና ጥፋቱን በጠቅላዩ አያሳብብ። ቁመቱን ሦስት ቦታ ከፍዬ ለእያንዳንዱ ለየብቻ እጽፋለሁ። የመጀመሪያው ሢሶ ብዙ ጊዜ ይዋሻል፤ ርካሹም ውዱም በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይጣፍጣል። ልዩነቱ የሚታየው ከመካከሉ ጀምሮ ነው። ጥሩው ሲጋር እዚያ ላይ ጣዕሙን ይለውጣል፤ መጀመሪያ ደረቅ እንጨት የሸተተው ወደ ተቆላ ቡና ወይም ወደ ቁንዶ በርበሬ ሊሄድ ይችላል። መጥፎው ባለበት ይቆማል ወይም ይመራል። የመጨረሻው ሢሶ ላይ አሞኒያ አፍንጫ ከወጋ ቅጠሉ ጊዜውን አልጨረሰም። እሳቱ በአንድ ጎን ብቻ ከሮጠ ወይም መሐሉን እንደ ዋሻ ከበላው የአጠቃለል እንከን ነው። ስለ አመዱ ንጣት የሚነገረውን ወሬ ግን ብዙም አትስሙ፤ ንጣቱ የአፈሩን ማዕድን እንጂ ጣዕሙን አይናገርም። ሁሉም ከተጻፈ በኋላ ነው ስሙና ዋጋው የሚገለጠው።

እንዲህ ስመዝን ከኒካራጓ፣ ከኤስቴሊ አካባቢ የመጡ ሲጋሮች ስመ ጥሮቹን የኩባ ሲጋሮች በነጥብ ሲበልጡ ደጋግሜ አይቻለሁ። ከአንድ ሳጥን የወጡት ሦስቱም እኩል በመሆናቸው ደግሞ ይበልጧቸዋል። የኩባው ሲሳካለት ሌላው የማይደርስበት መዓዛ እንዳለው አልክድም። ይሁን እንጂ «ሲሳካለት» ለሚለው ቃል ሁለት እጥፍ ከመክፈል፣ በዛሬው ዋጋ እኔ ለስጦታም ሆነ ለራሴ የኒካራጓውን እገዛለሁ።

አዲስ አበባ ላለ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ሲጋር በ65 እና በ70 በመቶ መካከል ያለ የአየር እርጥበት ይፈልጋል። የበጋችን ደረቅ አየር ከአውሮፕላን ማረፊያ የተገዛውን ውድ ሲጋር በጥቂት ቀናት እንጨት ያደርገዋል። ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ብዙ ካለፈ ደግሞ በቅጠሉ ውስጥ የነበረ የትንባሆ ነቀዝ ተፈልፍሎ ሳጥኑን እንደ ወንፊት ይበሳሳዋል። የእርጥበት መቆጣጠሪያ ሳጥን የሌለው ሰው አስቀምጦ አተርፋለሁ ብሎ አይግዛ። አንድ ትልቅ ሲጋር የአንድ ፓኬት ሲጋራ ያህል ትንባሆ ሊይዝ እንደሚችል፣ ወደ ሳንባ ባይገባም አፍና ጉሮሮን እንደማይምር የታወቀ ነው። ቤት ውስጥ ባሉ ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ቦታዎች ማጨስን አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ስለሚከለክል በሆቴል አዳራሽ ለእንግዳ መለኮስ አይታሰብም።

የኩባ ሳጥን የሚገዛ ቢኖር ገልብጦ ከሥሩ ይመልከት። «ቶታልሜንቴ ኣ ማኖ» የሚለው፣ ሙሉ በሙሉ በእጅ ተሠራ የሚል የስፓኝ ቃል፣ ከ1989 ወዲህ በእሳት ማኅተም ይቀመጣል። «በእጅ ተሠራ» ብቻ የሚል ከሆነ ግማሹን መኪና ጠቅልሎት ሊሆን ይችላል። አጠገቡ የፋብሪካ ምልክትና የታሸገበት ወርና ዓመት አለ፤ ወሩ በስፓኝ አጠራር ነው፤ ጥር «ኤኔ» እንጂ በእንግሊዝኛ አጠራር «ጃን» አይባልም። ይህ ሁሉ ተሟልቶም ሐሰተኛ ይኖራልና ሻጩን አንድ ፍሬ እንዲሸጥላችሁ ጠይቁት፤ በዋጋው ከፍላችሁ እዚያው በር ላይ ቁረጡትና ሳትለኩሱ ሳቡት። ያኔ ከወዳጄ ጋር የሄድንበት ደላላ ሳጥኑ ከተከፈተ ዋጋው ይወርዳል ብሎን ነበር። እኛም አመንነው።