ሥራው ባለበት፣ ሥልጠናው በየዓመቱ

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቻችን የሰው ሀብት አመራር ለዓመታት የሙጥኝ ያለው አንድ እምነት አለ፦ ዘመኑ ሲለወጥ ሠራተኛውን ሰብስቦ ማሠልጠን፣ ከዚያ መመዘን፣ እንደ ውጤቱም መደልደል። በ1990ዎቹ መጨረሻ መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ መጣ፤ ሚዛናዊ የውጤት ምዘና ተከተለው፤ ካይዘንና የለውጥ ሠራዊት ተጨመሩ፤ ከ2016 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ደረሰ። አንዳቸውም ከንቱ ነበሩ አልልም። የሥራ ሂደት ለውጡ በብዙ ቦታ ባለጉዳይን ከቢሮ ቢሮ ከመንከራተት አሳርፎታል። ይሁን እንጂ ደቡብ ጎንደር ውስጥ ደብረ ታቦር ላይ ሠልጥኖ ወደ ፋርጣ ወረዳ ወይም ወደ ጉና ተራራ ግርጌ ቀበሌ የሚመለስ ባለሙያን የሚጠብቀው ያው የትናንቱ ሥራ ነው። ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል ብዬ የምከራከረው ለዚህ ነው። አስቀድሞ መለወጥ ያለበት ሥራው ነው፤ ሠራተኛው ሥራውን ተከትሎ ይለወጣል።

የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ እንመልከት። ሲታቀድ እያንዳንዱ ቀበሌ የሰብል፣ የእንስሳትና የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ከነማሠልጠኛ ማዕከሉ እንዲኖረው ነበር። በተግባር ግን ባለሙያው ማዳበሪያ ፈላጊን መዝጋቢ፣ ብድር አስመላሽ፣ ስብሰባ ጠሪና ሪፖርት አቅራቢ ሆኖ ኖሯል፤ የአገሪቱን የኤክስቴንሽን ሥርዓት ያጠኑ ሰዎች ይህን ደጋግመው ጽፈዋል። የጉና ድንች አምራች የሚሻው የማሳው ቅጠል ሲጠቁር በሰዓቱ ደርሶ የሚያይለት ሰው ነው። ባለሙያውን ስለ ዲጂታል ግብርና አንድ ሳምንት አሠልጥነን ሰኞ ሲመለስ በሰበሰበው ብድር የምንገመግመው ከሆነ፣ የተማረው ነገር የሚውልበት ቦታ የለውም። በዚያ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ በክልሉ በተቀሰቀሰው የትጥቅ ግጭት የተነሳም ባለሙያ በሰላም ገብቶ የማይወጣባቸው ቀበሌዎች ተፈጥረዋል። ለደቡብ ጎንደር ሠራተኛ ትልቁ የሥራ ቦታ ለውጥ ይኸው ነው። መንገድ ሲዘጋ ሥራው እንዴት ይሠራ፣ ሠራተኛውስ በምን ይመዘን የሚለው ጥያቄ እያለ ስለ አመለካከትና ክህሎት ብቻ ማውራት ሠራተኛውን በማይችለው ነገር መክሰስ ነው።

ከደጋው ወደ ፎገራ ሜዳ ስንወርድ የተገላቢጦሹን እናገኛለን። ሩዝ እዚያ የገባው በ1970ዎቹ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ፣ በደራ ወረዳ ጅግናና በፎገራ ወረዳ ሻጋ በነበሩ የገበሬዎች አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ነበር። ማኅበራቱ ፈረሱ፤ ሩዙ ግን ቀረ፣ ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያም የመጀመሪያ ቦታውን ስም ይዞ ተስፋፋ። ክረምት ውኃ የሚተኛበት መሬት ሰብል የሚያፈራ ሆነ፤ ወረታ ከተማ ላይ መፈልፈያ ተተከለ፤ ነጋዴው መጣ፤ ሩዙ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ሆነ። በከብቱ ይታወቅ የነበረ ሕዝብ አዘራሩን፣ አረሙን፣ አጨዳውን፣ ገበያውን ሁሉ እንደ አዲስ ተማረ። ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የቆመው ገበሬው ሩዝ አምራች ሆኖ ብዙ ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። ሥልጠናው ሥራውን ተከትሎ ስለመጣ የሚያርፍበት መሬት አገኘ። ገበሬ የራሱ ጌታ ነው፣ ቅጥረኛ አይደለም የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ልክ ነው፤ የለውጡ ጥቅምም ለራሱ ስለሚገባ ተለወጠ። ቅጥረኛው ግን ሥራውን ቢያሻሽልም ባያሻሽልም ያው ደመወዝ፣ ያው ግምገማ ከሆነ የሚጠብቀው፣ ለምን ይለወጥ?

ቅጥረኛም ቢሆን ሥራው ሲቀድም እንደሚለወጥ የሚያሳይ ምስክር አለን። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር የሚሠራው ሥራ በ16 ጥቅሎች ተዘርዝሮ ነበር። ለዚያ ሥራ ለየቀበሌው ሁለት ሴቶች ከዚያው አካባቢ ተመርጠው አንድ ዓመት ሠለጠኑ፤ የሥልጠናው አብዛኛው ክፍልም የተግባር ልምምድ ነበር። ከ30 ሺህ በላይ ሴቶች በዚህ መንገድ ከቤት ቤት ዞረው ክትባትን፣ የቤተሰብ ምጣኔንና መጸዳጃ ቤትን ለገጠሩ አዳረሱ። ፕሮግራሙ የተዳከመውም በኋላ ሥራ በሥራ ላይ ሲከመርባቸው፣ የዕድገት መሰላላቸውም አጭር ሆኖ ሲቀር ነው። ይህን ድካም ተጨማሪ ሥልጠና አይፈውሰውም።

ጠንካራው ተቃውሞ ከምዘና ወገን ይመጣል፦ ፈተና ከሌለ ምደባ የዘመድና የወገን ይሆናል። ሥጋቱ እውነተኛ ነው፤ ከትውውቅ ፈተና ይሻላል። አዲስ አበባ በ2016 ዓ.ም. አመራሮቿንና ሠራተኞቿን ፈትና ብዙዎቹ ማለፊያ ሳያመጡ ቀሩ። ይህ ውጤት ግን ስለ ተፈታኙ የነገረንን ያህል ስለ ቢሮው አልነገረንም። ለዓመታት ያልተጠቀመበትን ዕውቀት የረሳ ሰው ጥፋት የራሱ ብቻ አይደለም፤ እንዲጠቀምበት ያላሠራው መሥሪያ ቤትም አብሮ መጠየቅ ነበረበት።

ሁለተኛው ተቃውሞ የአቅም ነው። የወረዳ በጀት አብዛኛው ለደመወዝ ይውላል፣ መዋቅር ከላይ ይወርዳል፤ የወረዳ የሰው ሀብት ኃላፊ ምን በእጁ አለ? ያለው ነገር ጥቂት አይደለም። የሥራ ዝርዝሩን ከባለሙያው ጋር ቁጭ ብሎ ማየት፣ ዝውውርና ምደባን በሙያ መወሰን፣ ባለሙያን ከማሳ ጠርቶ የሚያውል ስብሰባን እምቢ ማለት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የመመዘኛ መስፈርቱ እንዲለወጥ መታገል ይችላል። የፋርጣ ባለሙያ የሚመዘንበት ቅጽ ላይ ብድር ማስመለስ ወጥቶ በሰዓቱ የታየ ማሳና የዳነ ድንች ቢገባ አዲስ በጀት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ከበላይ አካል ጋር መጋፈጥን ነው። ኃላፊው ይህን ካደረገ በኋላ ባለሙያውን ምን መሠልጠን እንደሚፈልግ ይጠይቀው፤ ያኔ የሚሰጠው መልስ አዳራሽ ውስጥ ከሚሞላው የፍላጎት ቅጽ የተለየ ይሆናል።