ላቡ ያንተ፣ ዋጋው የእኔ

በመተማ ቆላ፣ ሽንፋ ላይ ሰሊጥ የሚያመርት አንድ ገበሬ አስቡ። ያን ሁሉ ሙቀት ችሎ፣ አጭዶ፣ ነዶውን አራግፎ፣ ጆንያውን ሞልቶ ገበያ ሲደርስ አንድ ሰው ከፊቱ ይቆምና፣ «አንተ ያረስከው ለፍቅር ነው፤ ብትሸጠው ነውር ይሆንብሃል። እኔ ልሽጠው» ቢለው ምን የሚመልስለት ይመስላችኋል? መልሱን በመጽሔት ገጽ ላይ ማስፈር ያሳፍራል። ሠለጠነች በምትባለው አሜሪካ ግን ይኸው አነጋገር ደንብ ሆኖ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ተከብሮ ኖሯል።

ነገሩ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ኤ.ጄ. ግሪን የተባለ የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች፣ ራሱ የለበሰውን ማልያ በ1,000 ዶላር ሸጠሃል ተብሎ ለአራት ጨዋታዎች ታገደ። እሱ ቅጣቱን ሲቆጥር የዩኒቨርሲቲው ሱቅ የእሱን 8 ቁጥር ማልያ ከ39.95 ዶላር ጀምሮ ይቸበችብ ነበር! በዚያው ዓመት አምስት የኦሃዮ ስቴት ተጫዋቾች የሻምፒዮንነት ቀለበታቸውንና ሌላ ንብረታቸውን በመሸጣቸው፣ በ2011 የውድድር ዘመን የመጀመሪያዎቹ አምስት ጨዋታዎች እንዳይሰለፉ ተወሰነባቸው። ሰበቡ «የአማተርነት ንጽሕና» ነው። አሠልጣኙ በሚሊዮን ሲከፈለው ያልረከሰ ንጽሕና ልጁ አንድ ማልያ ሲሸጥ ረከሰ!

እ.ኤ.አ. በ2021 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ማኅበሩ ለተማሪዎቹ በሚሰጥ ጥቅም ላይ የጣለውን ገደብ መርምሮ 9 ለ 0 በሆነ ድምፅ ፈረደበት። ማኅበሩም ብዙ ሳይቆይ ተጫዋቾቹ በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ፈቀደ። ስታዲየሙ አልፈረሰም፤ ተመልካቹም ቤቱ አልቀረም።

«ታዲያ ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። አበበ ቢቂላችን ነዋ! እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው አበበ በ1973 ዐረፈ። በ2010 ቪብራም የተባለው የኢጣልያ ኩባንያ «ቢቂላ» የሚል ስም ያወጣለትን ጫማ ለገበያ አቀረበ። በባዶ እግሩ የሮጠ ሰው ስም ጫማ መሸጫ ሆነ ማለት ነው። ቤተሰቡ በ2015 አሜሪካ ውስጥ ታኮማ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ። በ2016 ያገኘው መልስ ባጭሩ «ዘግይታችኋል» የሚል ነበር።

የይርጋጨፌ፣ የሲዳሞና የሐረር ቡና ስም ጉዳይ በተነሣ ጊዜ መንግሥት ራሱ ባለጉዳይ ሆኖ ቆሟል፤ ከስታርባክስ ጋር ተሟግቶ በ2007 ከስምምነት ደርሷል። ደግ አደረገ። በአበበ ስም ከሳሽ ሆኖ የቀረበው ግን ቤተሰቡ ነው። ለመሆኑ የሯጭ ስም ከቡና ስም የሚያንሰው በምኑ ነው?

ሕግ አጥተን አይደለም። አበበ ሮም ላይ ባሸነፈበት ዓመት የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ በአንቀጽ 27፣ የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። በ1998 ዓ.ም. የወጣ የንግድ ምልክት አዋጅም አለን፤ ቁጥሩ 501 ነው። ሕግ ግን መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ለማንም አይሟገትም።

«ሜዳልያና ማልያ የአገር ቅርስ ነው፣ እንዴት ይሸጣል?» የሚሉ ወገኖች እንዳሉ ዐውቃለሁ። ክብሩ የሁላችን መሆኑን ማን ካደ? ንብረቱ ግን የሮጠው ሰው ነው። ቅርሱ ሙዚየም እንዲገባ ከፈለግን ተገቢውን ዋጋ ከፍለን እናስገባው። ባለቤቱ ሲቸግረው ዘወር ብለን፣ ሊሸጥ ሲነሣ ብቻ «አገር!» ብለን መጮህ የጆርጂያውን ሱቅ ሥራ መድገም ነው።

ነገ ከሽንፋም ይነሣ ከበቆጂ፣ ልጁ የመጀመሪያ መለያውን በሚለብስበት ዕለት፣ ፌዴሬሽኑ የዲሲፕሊን ደንቡን ሲያነብለት ስሙና ምስሉ የራሱ መሆናቸውንም አብሮ ያንብብለት። ስም ያወጡት ደግሞ ስማቸውን ዛሬውኑ ያስመዝግቡ። «ዘግይታችኋል» የሚለውን መልስ አንድ ጊዜ ሰምተነዋል፤ ይበቃናል።