ጥብቅና ለማን?

ባለፈው ሳምንት አንድ ስመ ጥር ጠበቃ ወደ ግቢያችን መጥተው ስለ ሙያ ሕይወታቸው ንግግር አድርገውልን ነበር። ከ20 ዓመት በላይ ጥብቅና የቆሙት ሠራተኛ ለከሰሳቸው ድርጅቶች ብቻ መሆኑን፣ ስንቱንም ከሳሽ በቀጠሮ ብዛት አድክመው እንደ መለሱ ሲነግሩን አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኛም አጨብጭበናል። ወደ መኝታ ክፍላችን ከተመለስን በኋላ ግን ያጨበጨብነው ለምን እንደ ሆነ ብንጠያየቅ መልስ አጣን።

ነገራችን እንዳይጣመም አስቀድመን እንናገር። አሠሪም ጠበቃ የማቆም መብት አለው። በሥራ ቦታ የሰረቀ ወይም አምባጓሮ ያነሣ ሠራተኛ ሲሰናበት፣ ስንብቱ ሕጋዊ ነው ብሎ የሚከራከር ነገረ ፈጅ አይነቀፍም። «ጌታዬ፣ አጥፍተዋል፤ ሰውየውን ወደ ሥራው ይመልሱት» ብሎ ደንበኛውን የሚመክርማ የሙያው ጌጥ ነው። እኛ የምንቃወመው ጊዜን መሣሪያ አድርጎ የሚዋጋውን ነው።

እስቲ ሕጉን እንመልከት። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከሥራው የተባረረ ሠራተኛ ልመለስ ብሎ መክሰስ ያለበት በ3 ወር ውስጥ ነው፤ ካሳለፈ ክሱ በይርጋ ይታገዳል። የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትም በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ታዟል። ሠራተኛው የዳኝነት አይከፍልም። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ሠራተኛው ይመለስ ሲባል አሠሪው የሚከፍለው ውዝፍ ደመወዝ በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ከ6 ወር፣ በይግባኝ ከ1 ዓመት አይበልጥም። ሒሳቡ ግልጽ ነው፤ ክርክሩ በመቃወሚያ፣ በቀጠሮ፣ በይግባኝና በሰበር 2 ዓመት ቢጎተት የሁለተኛው ዓመት ረኃብ የሠራተኛው ብቻ ነው። የሥራ አጥ መድን በሌለበት አገር የቤት ኪራይ ቀጠሮ አይሰጥም። ስለዚህ ሰውየው እውነቱን ይዞ ሳለ ጥቂት ብር ተቀብሎ ይታረቃል። ድል ተብሎ የተነገረን ይህ ነው!

«ምን ይደረግ፣ እንጀራ ነው» የሚሉን ጓደኞች አሉ። እንጀራ መሆኑን አንክድም፤ የተባረረውም ሰው የተባረረው ከእንጀራው ነው። ደግሞስ እኛን ያስተማረን ገንዘብ ከወዴት መጣ? ሠራተኛው ደመወዙን በእጁ ሳይነካ ከሚቆረጥበት ግብር አይደለምን?

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። የሕግ መምህራኖቻችን የአሠሪና ሠራተኛ ሕግን ሲያስተምሩ የተረታውን ሠራተኛ መዝገብም ገልጠው ያሳዩን። ማኅበራችን ደግሞ ከነጻ የሕግ ድጋፍ አገልግሎቱ ጋር ተነጋግሮ፣ የ3 ወሩ ጊዜ ሳያልፍ ክስ የሚጽፉ ተማሪዎች በየሳምንቱ የሚቀመጡበት አንድ ጠረጴዛ ያስከፍት። እኛ ለመቀመጥ ተመዝግበናል።

«በሕግ አምላክ» ሲባል ቆሞ የሚሰማ ሕዝብ ልጆች ነን። ነገ በካባ ስንቆም ያ ጩኸት ከተባረረው ሰው አፍ ሲወጣ፣ መልሳችን «ሌላ ቀጠሮ ይሰጠን» እንዳይሆን ዛሬ እንምከርበት።