የፕሮጀክት ፋይል መዝገብ አይደለም፦ ያረጁ ፕለጊኖችና የሚዛን ተፈሪ አካባቢ ዜማዎች

በኮምፒውተር የተቀነባበረ ዜማ ከዓመታት በኋላ ሲከፈት ድምፁን አጥቶ መገኘቱ በስቱዲዮ ሠራተኞች ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም። የማቀናበሪያ ሶፍትዌሩ ኖታዎቹን በየቦታቸው ያሳያል፤ ድምፁን ያመነጨው ፕለጊን ግን የለም። ብዙውን ጊዜ መፍትሔ ተደርጎ የሚወሰደው አሮጌውን ፕለጊን በአዲሱ ሶፍትዌር ላይ በሆነ ዘዴ ማስነሣት ነው። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ግን ዘዴው ፋታ ከመስጠት ያለፈ ፋይዳ እንደሌለው ነው። ዘላቂው መፍትሔ ድምፁን ከፕለጊኑ ማላቀቅ ሲሆን፣ በሚዛን ተፈሪና በአካባቢዋ ለሚሠሩ የዜማ ቅጂዎች ጉዳዩ ከሌላው ቦታ ይልቅ አጣዳፊ ነው።

የችግሩ ምንጭ ግልጽ ነው። ስታይንበርግ የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1996 ቪኤስቲ የተሰኘውን የፕለጊን ሥርዓት ካስተዋወቀ ወዲህ ለቁጥር የሚታክቱ የድምፅ መሣሪያዎች ለ32 ቢት ኮምፒውተር ተሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 ፕሮ ቱልስ 11 እና ሎጂክ ፕሮ ኤክስ፣ በ2016 ደግሞ ኪዩቤዝ 9 የ32 ቢት ፕለጊኖችን መቀበል አቆሙ። በ2019 የወጣው የአፕል ካታሊና ሥርዓት ማናቸውንም የ32 ቢት ፕሮግራም ማስኬድ ተወ። ስታይንበርግም ራሱ በ2018 የሁለተኛውን ትውልድ ቪኤስቲ መሥሪያ ለአዳዲስ አበልጻጊዎች መስጠቱን አቁሟል። ስለዚህ ፕለጊኑ ሳይበላሽ፣ ፋይሉም ሳይጠፋ፣ በዙሪያው ያለው ዓለም ስለተለወጠ ብቻ ድምፁ ይታፈናል።

የ32 ቢት ፕለጊን በ64 ቢት ፕሮግራም ውስጥ በቀጥታ ሊጫን አይችልም። በዚህ ምክንያት «ድልድይ» የሚባሉ ፕሮግራሞች ተፈጥረዋል። ድልድዩ ፕለጊኑን ለብቻው በተለየ ሂደት ያስነሣውና ድምፁንና የኖታ ትእዛዙን በሁለቱ መካከል ያመላልሳል። ጄብሪጅ ለዚሁ የተሠራ ነው፤ ሪፐርና ኤፍኤል ስቱዲዮ በዊንዶውስ ላይ የራሳቸው ድልድይ አላቸው። ዘዴው ጠቃሚ መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ ድልድዩ ራሱ ሶፍትዌር በመሆኑ ነገ ያረጃል። ከዚህም በላይ የፕለጊኑ ቅንብር በፕሮጀክት ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው ብዙውን ጊዜ ያው ፕለጊን ብቻ ሊያነበው በሚችል መልክ ነው፤ ሌላ ፕለጊን ቢተካ ኖታው እንጂ ድምፁ አይመለስም።

ጉዳዩን ወደ ሚዛን ተፈሪ የሚያመጣው የድምፅ ከፍታ ጥያቄ ነው። የቤንች ቋንቋ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ የቃልን ፍቺ ከሚለዩባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሲሆን፣ አምስት ደረጃ ያላቸው ከፍታዎችና አንድ ተንሸራታች ከፍታ እንዳሉት በሥነ ልሳን ጥናት ተመዝግቧል። በፉጨት ከሩቅ መልእክት የሚተላለፍበት ስልት እንዳለው፣ ይኸው ስልት በአምስት አውታር ክራር ጭምር እንደሚገለጽም ተጽፏል። እንዲህ ባለ ባህል ውስጥ የአንድ አውታር ቃኝ የውበት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የንግግርም ጉዳይ ነው።

አሁን አንድ አቀናባሪ የክራር ድምፆችን ቀርጾ በሳምፕለር ፕለጊን ውስጥ አስገባ፣ እያንዳንዱንም አውታር በጆሮው ቃኘ እንበል። ያ ቃኝ ያለው በፕለጊኑ ቅንብር ውስጥ ብቻ ነው። ፕለጊኑ ሲጠፋ የሚቀረው ኖታ የምዕራባውያኑን አሥራ ሁለት እኩል እርከኖች ብቻ ያመለክታል፤ የክራሩን ቃኝ የሚነግር ነገር አይኖርም። በድምፅ ማስተካከያ ፕለጊን የታረመ የዘፈን ቅጂም ተመሳሳይ አደጋ አለበት። ፕለጊኑ ከሌለ የትኛው ከፍታ የዘፋኙ፣ የትኛው የአቀናባሪው እንደነበረ አነጻጽሮ ማወቅ አይቻልም። ለአድማጭ ይህ ትንሽ ጉድለት ሊመስል ይችላል፤ ለተመራማሪ ግን የማስረጃ መጥፋት ነው።

የኃይሉ መርጊያ «ሸሞንሟናዬ» ተቃራኒውን ያሳያል። አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘርና ከኤሌክትሪክ ፒያኖ ጋር ያዋሐደው ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1985 በካሴት ወጣ። አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ካሴቱን ባሕር ዳር አግኝቶት በ2013 ዳግም ለዓለም ቀርቧል። ለዚህ የመጀመሪያዎቹን የሙዚቃ መሣሪያዎች ፈልጎ ማስነሣት አላስፈለገም፤ የተጠናቀቀው ድምፅ በክሩ ላይ ነበረና። የዛሬው የፕሮጀክት ፋይል ግን ድምፁን ሳይሆን የአሠራሩን መመሪያ ይዞ የመቅረት ዕድሉ ሰፊ ነው።

ሁሉንም ትራክ ወደ ድምፅ ፋይል መለወጥ ቦታ ይፈጃል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ስሌቱ ግን ይህን አይደግፍም። በ48 ኪሎኸርትዝና በ24 ቢት የተቀዳ አምስት ደቂቃ የሞኖ ትራክ 43 ሜጋባይት ያህል ነው፤ ሠላሳ ትራኮች ያሉት ዜማ 1.3 ጊጋባይት አይሞላም። ሁለተኛው ተቃውሞ ወደ ድምፅ የተለወጠ ትራክ እንደገና ለማሻሻል አይመችም የሚለው ነው። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን የድምፅ ፋይሉን ማስቀመጥ የፕሮጀክት ፋይሉን መጣል ማለት አይደለም። አዳዲስ ፕለጊኖችን መግዛት ይሻላል የሚለው ምክር ደግሞ ወደ ውጭ አገር ክፍያ መፈጸም ለሚቸገር የአገር ውስጥ ባለሙያ ብዙም አይጠቅምም፤ የነገውንም እርጅና አያስቀርም።

በመሆኑም በአካባቢው ዜማ የሚቀርጹ ስቱዲዮዎችና የመስክ ጥናት የሚያካሂዱ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ሥራው በተጠናቀቀ ዕለት ሦስት ነገሮችን ሊያስቀምጡ ይገባል፦ ያልተነካውን የመጀመሪያ ቅጂ፣ እያንዳንዱን ትራክ ከመነሻው እስከ መድረሻው በዌቭ ፋይል፣ እንዲሁም የፕለጊኑን ስምና ቁጥር፣ የዜማውን ፍጥነትና የየአውታሩን ቃኝ በኸርትዝ የሚገልጽ ተራ የጽሑፍ ፋይል። እንደ ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተቋማትም ድምፅን መሠረት ካደረገ የመመረቂያ ጥናት ጋር ይህ ስብስብ አብሮ እንዲገባ ቢያደርጉ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። አሮጌው ኮምፒውተርና ድልድዩ የተከማቹት ፕሮጀክቶች አንድ በአንድ ተከፍተው ወደ ድምፅ እስኪለወጡ ድረስ ያገልግሉ፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሥራውን በእነርሱ ዕድሜ ላይ አይጣል። አበው «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» እንዳሉት፣ ፕለጊኑ ዛሬ የሚከፈት ከሆነ ድምፁን ማውጫው ጊዜም ዛሬ ነው።