ኒኬሉን ከመፈግፈጋችሁ በፊት

ዛሬ የምጽፈው ስለ ፖለቲካ አይደለም፤ ስለ መኪና ኒኬል ነው። "መምህር ደግሞ ምን ነካው?" እንደምትሉ አውቃለሁ። ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ነገሩ የባለሀብት መኪና ብቻ ሳይሆን የልጆቻችን እንጀራም ጉዳይ ነው።

ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገር። ውድ መኪና ላይ ያለው ጌጥ ብረት የሚበላሸው በቆላው ፀሐይና አቧራ ብቻ አይደለም፤ ይበልጥ የሚበላሸው እኛ ስናጸዳው ነው። ሲበላሽ ደግሞ ዕዳውን የምናሸክመው ከሁሉም አቅም የሌለውን የላቫጆ ልጅ ነው። ይሄ ልክ አይደለም እላለሁ።

ችግሩ ከስሙ ይጀምራል። እኛ ዘንድ መኪና ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር ሁሉ ኒኬል ነው። የፊት ግሪሉ ኒኬል፣ ፓራውልቱ ኒኬል፣ የበሩ እጀታ ኒኬል፣ በመስኮቱ ዙሪያ የሚዞረው ቀጭን መስመር ኒኬል፣ ጣሪያው ላይ ያለው የዕቃ መጫኛ ሐዲድም ኒኬል። ስማቸው አንድ ስለሆነ አስተጣጠባቸውም አንድ ይሆናል። እውነታው ግን ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አንደኛው ክሮም የተቀባ ብረት ነው። የድሮ መኪኖች ፓራውልት በብዛት እንዲህ ነው። እዚህ ላይ "ኒኬል" የሚለው ስም ግማሽ እውነት አለው፤ ምክንያቱም መስታወት የመሰለውን መልክ የሚሰጠው ከክሮሙ ሥር ያለው የኒኬል ንብርብር ነው። ከላይ ያለው ክሮም አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ማይክሮን ያነሰ ነው። 1 ማይክሮን ማለት የ1 ሚሊሜትር 1000ኛ ነው። እንግዲህ በብርጭቆ ወረቀት የምንፈገፍገው ይህን ነው!

ሁለተኛው ፕላስቲክ ላይ የተቀባ ክሮም ነው። የዛሬዎቹ ግሪሎች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። በጥፍራችሁ መታ መታ አድርጉት፤ ድምፁ ይነግራችኋል። ሦስተኛው ዝገት የማይበላው ብረት፣ ስቴንለስ የምንለው ነው። እሱ ውስጡም ውጪውም አንድ ስለሆነ ቢጫርም በፖሊሽ ይመለሳል፤ ከሁሉም ታጋሹ እሱ ነው።

አራተኛው ነው ጉደኛው። እነ መርሰዲስ፣ እነ ቢኤምደብሊው፣ እነ አውዲ በመስኮት ዙሪያና በጣሪያ ሐዲድ ላይ የሚጠቀሙት በብዛት አኖዳይዝድ የተደረገ አሉሚኒየም ነው። ይህ ማለት አሉሚኒየሙ አሲድ ውስጥ ተነክሮ፣ ኤሌክትሪክ ተለቆበት፣ በላዩ ላይ ጠንካራ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ሽፋን እንዲያበቅል ተደርጓል። ሽፋኑ ቀለም አይደለም፤ የብረቱ የራሱ ቆዳ ነው። ውፍረቱም ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ትምህርት ቤት ልውሰዳችሁ። እኔ ኢንጂነር አይደለሁም፤ በዲፕሎማ ኬሚስትሪ የማስተምር ሰው ነኝ። ግን ይህን ለማወቅ ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም። "አምፎቴሪክ ኦክሳይድ ምንድን ነው?" ብዬ ፈተና ላይ ብጠይቅ ጎበዝ ተማሪ ሁሉ ይመልሳል፦ ከአሲድም ከቤዝም ጋር የሚዋሐድ፣ ምሳሌ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ። ሙሉ ነጥብ! ከሰዓት ደግሞ ያው ልጅ ላቫጆ ሄዶ ኦሞ በባልዲ በጥብጦ የመርሰዲሱን መስኮት ዙሪያ ይፈገፍጋል። የልብስ ማጠቢያ ዱቄት በውሃ ሲሟሟ ፒኤቹ ከ10 በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ማለትም ቤዝ ነው። በደብተሩ ላይ የጻፈው ቃል እጁ ላይ እየተፈጸመ ነው፤ እሱ ግን አላገናኘውም። ያላገናኘነው እኛ መምህራን ነን።

በዚያ ላይ መተማ ነው ያለነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ከሰዓት ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ብረቱ በእጅ አይነካም። ሙቀት ደግሞ ኬሚካላዊ ለውጥን ያፋጥናል። አረፋው ሳይታጠብ በጋለው ብረት ላይ ይደርቃል፤ ውሃው ተንኖ ኬሚካሉ ብቻ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ወተት የፈሰሰበት የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ይወጣል። ባለመኪናው "ቆሽሿል" ይላል፤ ልጁ የድስት ማጠቢያ ሽቦ ያመጣል። የተበላ ቆዳ ግን ቆሻሻ አይደለም፣ ታጥቦ አይለቅም።

"እናቶቻችን ብረት ድስት በአመድ ፈግፍገው ያበሩት የለም ወይ?" የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው። አመድም ቤዝ ነው፤ ከድስቱ ላይ ስስ ገጽ ይልጣል፤ ድስቱ ያበራል። ግን ድስቱ ወፍራም ነው፣ አኖዳይዝድም አልተደረገም፤ የሚጠፋበት ነገር የለም። የመኪናው ጌጥ ውበት ያለው ግን ሊላጥ በማይገባው ቆዳ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ ለመጻፍ ያነሳሳኝን ልንገራችሁ። አስተምሬው የነበረ አንድ ልጅ ላቫጆ ይሠራል። ከሩቅ የመጣ አንድ እንግዳ የጀርመን መኪናውን ሰጥቶት "መስኮቱ ዙሪያ ነጭ ነጭ ብሏል፣ አብራልኝ" አለው። ልጁ ባለው ነገር አበራለሁ ብሎ ደከመ። ነጩ ባሰበት፣ ጭረትም ተጨመረበት። እንግዳው ተቆጣ፤ ልጁም ከሳምንት ደመወዙ እንዲቆረጥበት ተደረገ። ልብ በሉ፣ ነጩ ነገር ልጁ ጋ ከመምጣቱ በፊት የነበረ ነው! ከስንት ላቫጆ፣ ከስንት ባልዲ ኦሞ በኋላ የመጣ ነው። የመጨረሻው እጅ የእሱ ስለሆነ ብቻ የሁሉንም ከፈለ።

ደግሞ ይህ ሥራ ለልጆቹ ቀላል ነገር አይደለም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተነሳ ወዲህ የገላባት ድንበር እንደ ድሮው አይደለም። የክልላችንንም ሁኔታ ታውቁታላችሁ። ተሸክሞ፣ ደልሎ፣ ነግዶ የሚያድር ወጣት ብዙ አማራጭ የለውም። አንድ ባልዲና አንድ ጨርቅ ይዞ ሠርቶ የሚበላን ልጅ ባልተማረው ነገር መቅጣት ምን ይባላል?

"ኒኬል ተጫረ ተብሎ ይሄ ሁሉ ጽሑፍ? ባለሀብቱ ሌላ ይገዛል" የሚልም ይኖራል። ሰሊጥ በደህና ዋጋ በተሸጠበት ዓመት እንኳ ይህ ቀላል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ቀረጥ ሰማይ አድርሶታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ውሳኔው ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚለውን ዛሬ አልከራከርም። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው፤ አሁን መንገድ ላይ ያሉት መኪኖች ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ። የአንድ መስኮት ዙሪያ ጌጥ ከጠፋ እዚህ መተማ የት ይገኛል? ስለዚህ መጠበቅ የሀብታም ቅንጦት መሆኑ ቀርቷል።

ነገሩን ከፍ አድርጌም ላየው። አዲስ አበባ የሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መንግሥት በ1948 ዓ.ም. ለአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ 25ኛ ዓመት የተሠራ ነው። በ2017 ዓ.ም. ሙዚየም ሆኖ ሲከፈት የንጉሠ ነገሥቱ መኪኖችም ለእይታ ቀርበዋል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከቤተ መንግሥት የወጡት ግን ከእነዚያ በአንዱ ሳይሆን በትንሽ ቮልስዋገን ነበር። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው መኪና ላይ አንድ ሰው "ይብራ" ብሎ ኦሪጅናሉን ክሮም ቢልጠው ምን ይሰማናል? ታሪክ ፋቀ እንላለን። ትልቁን መኪና በዚህ ዓይን ካየን፣ የሰፈራችን ሰው ሃያ ዓመት ለፍቶ የገዛውን መኪና በዚሁ ዓይን ብናየው ምን ይለናል? ማደስ ማለት ማብረቅረቅ ብቻ አይደለም። ያለውን ሳያጠፉ ማቆየት ነው።

እሺ፣ ታዲያ ምን እናድርግ? እኔ የምለው ይህን ነው።

መጀመሪያ ምንነቱን ለዩ። ማግኔት አስጠጉ። አጥብቆ ከሳበ ከሥሩ ብረት አለ። ካልሳበ አሉሚኒየም፣ ፕላስቲክ ወይም ስቴንለስ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ስቴንለስም ማግኔት ስለሚስበው ማግኔት ብቻውን አይበቃም፤ ድምፁንና መልኩንም አብራችሁ እዩ።

ቀጥሎ መኪናውን ጥላ ውስጥ አቁሙት፣ ብረቱ ይብረድ። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ሳይሆን በብዙ ውሃ አውርዱት። በመኪና ሻምፑ እጠቡ፤ ኦሞና በረኪና ጌጡ አጠገብ አይድረሱ። በረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪን ስቴንለሱንም ሳይቀር ነጥብ ነጥብ አድርጎ ይበላዋል። የባትሪ አሲድማ ጨርሶ አይነሳ፤ ለብረቱም ለእጃችሁም ለዓይናችሁም ጠላት ነው።

ክሮም የተቀባው ብረት ላይ ትናንሽ የዝገት ነጠብጣቦች ካሉ የምግብ መጠቅለያ ፎይል ውሃ ነክራችሁ በቀስታ እሹት። ፎይሉ ከክሮሙ የለሰለሰ ስለሆነ ዝገቱን እንጂ ክሮሙን አይጭርም። ከዚያ አድርቁና ሰም ቀቡት። ክሮሙ ተልጦ ከተነሳ ግን በእጅ የሚመለስ አይደለም፤ እንደገና መነከር አለበት። ያ ሥራ መርዛማ ኬሚካል ያለበት ስለሆነ በጓሮ የሚሞከር አይደለም።

አኖዳይዝዱ ነጭ ከሆነ እውነቱን ለባለቤቱ ንገሩት። በብረት ፖሊሽ ቢታሽ ይበራል፤ ግን የቀረውን ሽፋን ይዞ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ሰሙ በየጊዜው ካልታደሰ ቶሎ ይደበዝዛል። ዘላቂው መፍትሔ ነቅሎ እንደገና አኖዳይዝ ማስደረግ ወይም መቀየር ነው። አቅም ካልፈቀደ በደንብ አጽድቶ ጥቁር ስቲከር መለጠፍ ይሻላል፤ ነገ ሊነሳ ይችላል። የብር ቀለም መርጨት ግን ችግሩን መሸፈን ነው። ለጊዜው ያምራል፣ በእኛ ሙቀት ደግሞ ቶሎ ይላጣል።

ምንም ነገር ከመሞከራችሁ በፊት ደግሞ በማይታይ ቦታ፣ በጥፍር ስፋት ብቻ ሞክሩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ?

ለባለመኪኖች አንድ ቃል አለኝ። መኪናችሁን ስታስረክቡ ከልጁ ጋር ዞራችሁ እዩት፤ በስልካችሁም ፎቶ አንሱት። የነበረውን ጉዳት ለይታችሁ ካወቃችሁ በኋላ ያልሠራውን አታስከፍሉትም። ደግሞ "ቶሎ በል፣ ይብራ" ማለት ትእዛዝ መሆኑን አትርሱ። ትእዛዙን የሰጠ ሰው ከውጤቱ ነፃ አይወጣም።

የላቫጆ ባለቤቶችም እባካችሁ፣ ሻምፑ ከኦሞ ይወደዳል ብላችሁ የሠራተኛችሁን ደመወዝ አደጋ ላይ አትጣሉ። ዕቃውን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ፤ ዕዳውም የእናንተ ይሁን።

እኛ መምህራንና የቴክኒክና ሙያ አሠልጣኞች ደግሞ አንድ ቅዳሜ ብቻ እንስጥ። ማግኔት፣ ሊትመስ ወረቀት፣ የተጣለ የመኪና ጌጥ ቁራጭ፣ ኦሞና ውሃ ይበቃል። ልጆቹ ቁራጩ ሲነጣ በዓይናቸው ይዩት። እኔ በበኩሌ ቅዳሜዬን ለመስጠት ዝግጁ ነኝ።

ጎንደርም ሆነ አዲስ አበባ የምትኖሩ የጋራዥ ባለሙያዎች፣ አሉሚኒየም እንደገና አኖዳይዝ የሚያደርግ የምታውቁ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ያረምኩት የሚገባ ነገር ካለም አርሙኝ። ላቫጆ የሚሠራ ወንድም ወይም የሰፈር ልጅ ያላችሁ ደግሞ ይህን አድርሱልኝ።