የጨፌው ምንጭ ይለካ

በምዕራብ ጎጃም ደጋ፣ ከሰከላ ተራሮች አንሥቶ እስከ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ መስኮች ድረስ፣ ዘመነ ክረምት ያወረደውን ውኃ አቁሮ ይዞ በበጋ ለአፍላጋቱ በጥቂት በጥቂቱ የሚያካፍለው በየሸለቆው ወለል የተነጠፈው ጨፌ መሆኑን፣ በዚያ ከብት ሲያግድ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ላህም ሆነ ፈጣም፣ ብርም ሆነ ግልገል ዓባይ ከዝናቡ በኋላ የሚኖራቸው ውኃ ከእንዲህ ባለ ጨፌና ከምንጮቹ የሚጠራቀም ነው። ዛሬ ግን ጨፌው ከዳር እየታረሰ፣ በምንጩ አፋፍ ባሕር ዛፍ እየተተከለበት፣ ከመካከሉም ቦረቦር እየሰነጠቀው ይገኛል።

ሕዝባችን በየዓመቱ በጥርና በየካቲት ወጥቶ በተዳፋቱ ላይ እርከን ሲሠራ የሚያፈሰውን ላብ እናከብራለን። ሆኖም ከላይ ያለውን ተራራ እየጠገኑ ከታች ያለውን መስክ መተው ሥራውን እኩሌታ ማድረግ ነው። በአዴት አቅራቢያ በደብረ ማዊ የተደረገው ምርምር እንዳሳየው፣ ቦረቦሩ ከሁሉ ይልቅ የሚሰፋው የከርሰ ምድሩ ውኃ ወደ ላይ ወጥቶ አፈሩን ባጠገበው ጊዜ ጠርዙ በገዛ ክብደቱ እየተናደ ነውና፣ ጠርዙ ተቆርጦ ተዳፋት ሳይሆንና ሣር ሳይለብስ፣ ከብትም ሳይከለከልበት የድንጋይ ክትር ብቻውን አያግደውም።

ከዚህም የበለጠ የሚያሳስበን፣ ስንት ኪሎ ሜትር እርከን እንደ ተሠራ በየዓመቱ ሪፖርት ሲቀርብ፣ ምንጩ ጨመረ ወይስ ቀነሰ ብሎ የሚጠይቅ መታጣቱ ነው። ምሳሌው ግን ከደጃችን አለ። በደምበጫ አካባቢ በአንጀኒ፣ በግብርና ሚኒስቴርና በስዊስ የበርን ዩኒቨርሲቲ ትብብር በ1976 ዓ.ም. 113 ሄክታር የሚያህል ተፋሰስ ለምርምር ተከልሎ የወንዙ ከፍታ መነበብ፣ የዝናቡም መጠን መመዝገብ ጀመረ፤ ጎርፍ ወርዶ ውኃው በደፈረሰ ጊዜም ታዛቢው ከወንዙ ዳር ቆሞ በየ10 ደቂቃው አንድ ሊትር ውኃ በጠርሙስ እየቀዳ፣ አፈሩ ተጣርቶ እንዲመዘን ያስቀምጥ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ እርከን በተሠራ ጊዜ የቀድሞውን ከኋለኛው ማነጻጸር የተቻለው መዝገቡ አስቀድሞ ስለ ተከፈተ ነው።

ይህን የመሰለ ጣቢያ በየቀበሌው ይቁም አንልም። ነገር ግን ውኃ እጅግ በሚያንስበት በሚያዝያ ወር ሃያ ሊትር ጀሪካን ከምንጩ ሥር አስቀምጦ በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ በሰዓት ቆጥሮ መጻፍ የትኛውም ተማሪ የሚችለው ነገር ነው። ስለዚህ የዞኑ ግብርና መምሪያ ከመጪው ጥር አስቀድሞ በየቀበሌው ያለውን ጨፌ በስሙ ያስመዝግብ፤ ዳሩን ያስከልል፤ የምንጩን መዝገብ ያስከፍት፤ ያንንም በየዓመቱ ሕዝብ በተሰበሰበበት ያስነብብ።

ባሕር ዛፍ የተከለውን ገበሬ አንወቅሰውም፤ የልጆቹን ልብስና የማዳበሪያውን ዕዳ የሚከፍልለት ዛፉ ነውና፤ ዛፉን ከምንጩ አርቆ ወደ ጋራው እንዲያዛውር ግን ችግኝና ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። መስክ መከልከልም አዲስ ነገር አይደለም፤ የመንዝ ሰዎች የጓሳን መስክ ለዓመታት እየዘጉ፣ በመረጧቸው አለቆች እያስጠበቁ፣ ሣሩን በተወሰነ ጊዜ ብቻ እያጨዱ ለዘመናት አቆይተውታል። በእኛም አገር ጨፌ ሲዘጋ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቸገረው ሌላ ግጦሽ የሌለው ድኻ ስለሆነ፣ ከተከለለው መስክ የሚታጨደው ሣር መጀመሪያ ለእርሱና ባል ለሞተባቸው ሴቶች እንዲከፈል በቀበሌው መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ በግልጥ ይጻፍ።